ሳሎን የተቀዳው ፕሮግራም መኝታ ቤት ለምን አይታይም? የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

አንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሌላ ክፍል ለማየት ሲሞከርና እምቢ ሲል፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዋይፋዩን ነው። «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ይባላል። ራውተር ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ነገሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙ ጊዜ ችግሩ መንገዱ ላይ አይደለም፤ ቀረጻው ራሱ ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ፋይሉን የቀዳው ማን ነው? ለሌላ መሣሪያስ ክፍት አድርጎ ትቶታል ወይ?» ነው። ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ቤት አለ። የቤተሰቡን ስምና አድራሻ ትቻለሁ፤ የሆነውን ግን እንዳለ አቀርባለሁ።

ቤቱና ሰዎቹ

ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውና የሚስትየዋ እናት አብረው ይኖራሉ። ሳሎን ትልቅ ስማርት ቲቪ አለ። የአያትየው ክፍል ውስጥ አነስ ያለ ቲቪ አለ። አያትየውን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ልጆቹ አንድ ታብሌት ይጋራሉ።

የሳሎኑ ቲቪ የሳተላይት መቀበያው በውስጡ ነው፤ የዲሹ ገመድ በቀጥታ እሱ ላይ ተሰክቷል። ከጀርባው በዩ ኤስ ቢ አንድ ሃርድ ዲስክ ተያይዞለታል። ሪሞቱ ላይ ሪከርድ የሚለውን ሲጫኑት ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ ሌላ፣ አባወራው ለስፖርት በየወሩ የሚከፍልበት ባለ ካርድ ሪሲቨር አለ።

ጉዳዩን ያነሳችው የእማማ ልጅ ናት። እማማ ማታ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ይከታተላሉ፤ ግን ቶሎ ነው የሚተኙት። ስለዚህ ይቀዳላቸዋል። በማግስቱ ለማየት ደግሞ ሳሎን መውጣት አለባቸው። ጉልበታቸው እሺ አይልም። ወጥተው እንኳ ሳሎኑን ልጆቹ ይዘውት ያገኙታል። «ልጄ፣ የተቀዳው ለእኔ ነው፤ የማላየው ግን እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝ።

ይህን ጉዳይ የምር የያዝኩትም ለዚህ ነው። ለአንድ ጤነኛ ወጣት ከክፍል ክፍል ማየት ምቾት ነው። እንደ ልባቸው ለማይንቀሳቀሱ ሰው ግን ቴሌቪዥን የማየትና ያለማየት ጉዳይ ነው።

ቀደም ሲል የተሞከረው

ቤተሰቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን ከሳሎን ነቅለው እማማ ክፍል ያለው ቲቪ ላይ ሰኩት። ቲቪው «ይህ ዲስክ አይነበብም፣ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ደግነቱ እሺ አላሉትም። ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩትም ያው ጥያቄ መጣ።

ቀጥሎ ኤች ዲ ኤም አይ የሚከፍል ስፕሊተርና ረጅም ገመድ ተገዛ። ሐሳቡ የሳሎኑን ምስል ለሁለት ከፍሎ ወደ እማማ ክፍል መውሰድ ነበር። ግን ቲቪ ምስል ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለም። ከጀርባው ያሉት የኤች ዲ ኤም አይ ቀዳዳዎች በሙሉ መግቢያ ናቸው። ፕሮግራሙን የሚቀዳውም የሚያጫውተውም ቲቪው ራሱ ስለሆነ፣ ስፕሊተሩ የሚሰካበት መውጫ የለም። ስፕሊተሩ የሠራው ከባለ ካርዱ ሪሲቨር ጋር ብቻ ነው። ውጤቱ ደግሞ ሳሎን ኳስ ሲታይ እማማም ክፍል ኳስ መምጣቱ ሆነ። ስፕሊተር አንድን ምስል ለሁለት ቦታ ያደርሳል እንጂ ሁለት ሰው የየራሱን እንዲመርጥ አያደርግም። ይህን ልዩነት ከመግዛት በፊት ማወቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

በመጨረሻ ራውተሩ ተቀየረ። ምንም አልተለወጠም።

ዲስኩ ውስጥ ምን አለ?

እኔ ዲስኩን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ያለበት ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ሊኑክስ ዊንዶውስ የማያውቃቸውን ብዙ የዲስክ አደረጃጀቶች ያነባል። ፎልደሮቹ ታዩ፣ ፋይሎቹም አሉ። እያንዳንዳቸው ብዙ ጊጋባይት ናቸው። ቪ ኤል ሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ግን አንዱንም ሊከፍት አልቻለም።

ለምን እንደሆነ ለማረጋገጥ የፋይሉን ውስጥ ማየት በቂ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚመጣው ትራንስፖርት ስትሪም በሚባል አሠራር ነው። መረጃው በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ጥቅል 188 ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ ሁልጊዜ 47 ነው። ክፍት የሆነ ቀረጻ በባይት ማሳያ ሲከፈት ይህ 47 በየ188 ባይቱ እየተደጋገመ ይታያል። በዚህ ዲስክ ላይ ግን በቦታው የለም። የሚታየው ምንም ቅርጽ የሌለው የቁጥር ድብልቅልቅ ነው። ፋይሉ በምስጠራ ተቆልፏል ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቲቪ ብልሽት አይደለም። በዩ ኤስ ቢ የሚቀዱ ብዙ ቲቪዎች በኮፒ ጥበቃ ምክንያት እንዲህ ነው የሚሠሩት። ቀረጻውን ቆልፈው ቁልፉን እዚያው ቲቪው ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ዲስኩን ሌላ ቲቪ ላይ መሰካት ዋጋ የለውም። የዚያው ቲቪ ዋና ሰሌዳ ተበላሽቶ ቢቀየር እንኳ አሮጌው ቀረጻ ላይከፈት ይችላል። ሰው ለዓመታት የሚያጠራቅመውን ቀረጻ በእንዲህ ዓይነት ዲስክ ላይ ሲያስቀምጥ ይህ ሊነገረው ይገባል። መመሪያው መጽሐፍ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ቁርጡን ነገርኳቸው። እስካሁን የተቀዳው ሳሎን ብቻ ነው የሚታየው። ከዚህ በኋላ የሚቀዳው ግን ሌላ ነገር ይቅዳው፤ ፋይሉን ክፍት አድርጎ የሚተው ነገር።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም

ፕሮግራም ዲስክ ላይ የሚቀዱ የቤት መሣሪያዎች ገበያ የወጡት በ1999 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ሰው ወዲያው የጠየቀው «ይህን ሌላ ክፍል ልየው?» የሚለውን ነው። ሪፕሌይ ቲቪ በ2001 ባወጣው ሞዴል ቀረጻን በኔትወርክ ማጋራት ጀመረ። ከቤት ውጭም በኢንተርኔት መላክን ስለፈቀደ ትልልቅ የሚዲያ ኩባንያዎች ከሰሱት። ቲቮ በ2003 ከክፍል ወደ ክፍል ማየትን አመጣ። በዚያው ዓመት የተለያዩ አምራቾች ዕቃ በቤት ኔትወርክ እንዲግባባ የሚያደርገውን፣ በኋላ ዲ ኤል ኤን ኤ የተባለውን ማኅበር ሶኒና ሌሎች ኩባንያዎች መሠረቱ። ማኅበሩ በ2017 ቢፈርስም አሠራሩ ዛሬም ብዙ ቲቪዎች ውስጥ አለ።

ጥያቄው ከጅምሩ እንደ ነበረ የቆየ ነው። ቀረጻውን ማንቀሳቀስ ከባድ አልነበረም፤ ማንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ነው ሲያከራክር የኖረው።

ምርጫዎቹ

መጀመሪያ ያጣራሁት የእማማ ድራማ የሚተላለፍበት ጣቢያ ክፍት ነው ወይስ በካርድ የሚከፈት የሚለውን ነው። ክፍት ነው። ይህ ሁሉን ነገር አቀለለው። ጣቢያው በካርድ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ቀረጻውም ብዙውን ጊዜ እንደተቆለፈ ይቀር ነበር። ያኔ መፍትሔው የራሱ የአገልግሎት ሰጪው ባለ ብዙ ክፍል ሳጥን ብቻ ነው።

ለክፍት ጣቢያ ሁለት ጥሩ መንገድ አለ። አንዱ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ መቀበያ ገዝቶ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንደ ቲቪ ሄድ ኤንድ ወይም ጄሊፊን ያለ ፕሮግራም ጭኖ፣ ቀረጻውን ከአንድ ቦታ ለሁሉም ማደል ነው። እኔ በግሌ የምወደው ይህን ነው። ቀረጻውን በሥዕልና በመግለጫ ያስቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ ሰው የት እንደደረሰ ያስታውሳል። ግን ሰርቨር የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ማሻሻያ ይመጣል፣ አንድ ቀን ሳይነሳ ይቀራል፣ ያኔ የሚነካካው ሰው መኖር አለበት። በዚህ ቤት ያ ሰው የለም። እኔ ሁሌም አልገኝም። እማማን በእኔ ስልክ ላይ ጥገኛ የሚያደርግ መፍትሔ መፍትሔ አይባልም።

ሁለተኛው መንገድ በሊኑክስ የሚሠራ፣ ሃርድ ዲስክና የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ሪሲቨር ነው። እንዲህ ያለው ሪሲቨር ክፍት ጣቢያን ሲቀዳ የመጣውን እንዳለ የቲ ኤስ (የትራንስፖርት ስትሪም) ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ፎልደሩንም ለቤቱ ኔትወርክ ያጋራል። ቴሌቪዥን ማየት የሚችል ሁሉ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ሪሞቱ ላይ ያለው ያው የሚያውቁት ነገር ነው። የመረጥነው ይህን ነው።

ሁለት ገመድ ለምን አስፈለገ?

ሪሲቨሩን ስንመርጥ ሁለት መቀበያ ያለው እንዲሆን አጥብቄ ጠይቄያለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ብዙ ቤት ውስጥ «ሪከርድ ሲያደርግ ሌላ ቻናል አይከፍትም» የሚባለው ቅሬታ መነሻው ይህ ነው።

ኤል ኤን ቢ የሚባለው፣ ዲሹ ላይ ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ፣ ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ጊዜ በአንድ ገመድ አይልክም። በተለምዶው ኤል ኤን ቢ ጣቢያዎቹ በአራት ተከፍለው ነው የሚመጡት። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክለት ቨርቲካል የሆኑትን (ሞገዳቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን) ይሰጣል፤ 18 ቮልት ሲልክለት ሆሪዞንታሎቹን (ወደ ጎን የሚወዛወዙትን)። በዚያ ላይ የ22 ኪሎኸርትዝ ምልክት ሲጨምርበት ወደ ላይኛው የሞገድ ክልል ይሸጋገራል፤ ሲያቆም ወደ ታችኛው ይመለሳል። ገመዱ በአንድ ጊዜ ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያመጣው። ድራማው እየተቀዳ ያለው ከአራቱ ከአንደኛው ምድብ ከሆነ፣ በዚያው ገመድ ከሌላው ምድብ ጣቢያ መክፈት አይቻልም።

የዚህ ቤት ኤል ኤን ቢ ሁለት መውጫ ነበረው። አንዱ ባዶውን ነበር። ከእሱ ሁለተኛ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ወረደ። የሳሎኑ ቲቪ የዲሽ ገመድም ከቲቪው ተነቅሎ ወደ ሪሲቨሩ ገባ። አሁን የእማማ ድራማ በአንዱ ገመድ ሲቀዳ ሳሎን ያሉት በሌላው ያሻቸውን ያያሉ። ይህ ባይደረግ ኖሮ በየማታው ጭቅጭቅ ይነሳና ቀረጻው ይሰረዝ ነበር።

ሪሲቨሩ ውስጥ የገባው ዲስክ 1 ቴራባይት ነው። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚፈጅ የኤች ዲ ጣቢያ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከ270 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ዲስኩን በፋት 32 ሳይሆን በኤክስት 4 ፎርማት አድርገነዋል። ፋት 32 አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። ረጅም ፕሮግራም ሲቀዳ ፋይሉ ይቆራረጣል፣ ሌላ ክፍል ያለው መሣሪያ ደግሞ ቁርጥራጩን እንደተለያየ ፕሮግራም ይቆጥረዋል።

የመጀመሪያው ሙከራና ያስተማረን

የእማማ ቲቪ ዲ ኤል ኤን ኤ ያውቃል። ሪሲቨሩም ቀረጻውን በዚያ መንገድ ማደል ይችላል። ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ ከሆነልን ምን ከፋን ብለን በዚያ ጀመርን።

ዝርዝሩ ወዲያው መጣ። ድራማው ተከፈተ፣ እማማ ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ጣጣው ተከተለ። አንዳንዱ ቀረጻ ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም። ጣቢያዎች ድምፁን በተለያየ ዓይነት ይልካሉ፤ ያ ቲቪ ከዲሽ ሲመጣ የሚያውቀውን ድምፅ በኔትወርክ ሲመጣ አልቀበል አለ። ከዚህ የባሰው ወደ ፊት መሮጥ አለመቻሉ ነው። የቲ ኤስ ፋይል ለስርጭት የተሠራ እንጂ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለው ፋይል አይደለም። የትኛው ደቂቃ የት ቦታ እንዳለ ቲቪው በራሱ መገመት አለበት፤ ይህኛው አልቻለበትም። እማማ ድራማው መሃል ላይ እንቅልፍ ቢወስዳቸው በማግስቱ ከመጀመሪያው እንደገና ማየት ሊኖርባቸው ነው።

ዲ ኤል ኤን ኤ መጥፎ ነው አልልም። ለፎቶና ለሙዚቃ ደህና ይሠራል። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሚግባቡ ሳይሞክሩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በእማማ ቲቪ ላይ ኮዲ የተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የተጫነበት ትንሽ ሳጥን ሰካን። ኮዲ የሪሲቨሩን ፎልደር በቀጥታ ይከፍታል፣ ድምፁን ሁሉ ያውቃል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ያቆሙበትንም ያስታውሳል። ሪሲቨሩ ፎልደሩን በየትኛው የኤስ ኤም ቢ (ፎልደርን በኔትወርክ የማጋሪያ አሠራር) ስሪት እንደሚያጋራ ግን አስቀድመን አይተናል። የመጀመሪያው ስሪት ለጥቃት የተጋለጠ ነው፤ በ2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የገባው በእሱ በኩል ነው። ሁለተኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን እንዲጠቀም አስተካክለን፣ ፎልደሩ ከቤት ውጭ በምንም መንገድ እንዳይታይ አደረግን።

ዋይፋዩ የገባው እዚህ ላይ ነው

አሁን ነው እንግዲህ የኔትወርክ ጥያቄ ትርጉም ያለው። ፋይሉ ክፍት ሆኗል፣ መሣሪያው ያነበዋል፤ የቀረው መንገዱ ነው።

ሳጥኑ በዋይፋይ ሲሠራ ድራማው አልፎ አልፎ ስታክ ያደርጋል። ለጥቂት ሰከንድ ይቆምና ይቀጥላል። 8 ሜጋቢት በሴኮንድ ትንሽ ነው፤ ዋይፋዩ ደግሞ ወረቀት ላይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ራውተሩ ሳሎን ካቢኔ ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ ነው። እስከ እማማ ክፍል ሁለት ግድግዳ አለ፤ አንዱ ብረት ያለበት ኮንክሪት ነው። ሳጥኑ የሚይዘው 2.4 ጊጋኸርትዝ የሆነውን ነው፤ በዚያ ላይ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ይጋፋዋል። ፍጥነቱ በአማካይ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ድንገት መውረዱ ነው። ኢንተርኔት ለሚያስስ ሰው የሁለት ሰከንድ መጓተት አይታወቀውም። ለቴሌቪዥን ግን አማካዩ ምንም አይጠቅምም፤ ዝቅተኛው ነው የሚወስነው።

ከሳሎን እስከ እማማ ክፍል በግድግዳው ሥር ካት 5 ኢ የሚባል የኔትወርክ ገመድ ዘረጋን። እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ እኛ የፈለግነው ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። መቆራረጡ በዚያው ቆመ። ሪሲቨሩም ራውተሩ ላይ በገመድ ነው የተያያዘው። ሁለቱም በዋይፋይ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ መረጃ አየሩን ሁለቴ ይሻገር ነበር፤ ከሪሲቨር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ሳጥን። ከቦታው የማይነሳ ዕቃ በገመድ፣ የሚዞር ዕቃ በዋይፋይ ይሁን የሚል አቋም አለኝ።

አባወራው «ይህ ሁሉ ኢንተርኔታችንን አይበላብንም?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድራማው እየታየ ሳለ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት ገመድ ከራውተሩ ነቀልኩት። ድራማው ሳይንቀጠቀጥ ቀጠለ። ቀረጻው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ከቤት አይወጣም። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፣ የኢንተርኔት ጥቅልም አይቀንስም። ሰውየው ፊቱ ሲፈካ አየሁ።

ከእማማ ጋር

ቴክኒኩ አለቀ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከዚህ በኋላ ያሉትን ነገሮች ያገኘናቸው እማማ ሲጠቀሙበት ነው።

አንድ ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቷል፤ ባዶ ነው» አሉ። ሌሊት ሪሲቨሩን ሳሎን ያለ ሰው አጥፍቶታል። ሪሲቨሩ ሁለት ዓይነት ማጥፊያ አለው። አንደኛው ምስሉን ብቻ የሚያጠፋ ነው፤ ኔትወርኩ ይሠራል። ሌላው ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛ ነው፤ ሲተኛ ፎልደሩም አብሮ ይጠፋል። የሪሞቱን ቀይ ቁልፍ ምስሉን ብቻ እንዲያጠፋ አደረግነው። መብራት ትንሽ ይበላል። ለእማማ ሲባል ተገቢ ነው ብለን ተስማማን።

ሌላ ጊዜ «እጫነዋለሁ፣ አይሰማኝም» አሉኝ። አብሬያቸው ተቀምጬ አየሁ። ድራማውን ይመርጣሉ፣ እሺ የሚለውን ይጫናሉ፣ ምንም አይመጣም። ደግመው ይጫናሉ። ሦስተኛ ይጫናሉ። ከዚያ ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል፣ ወይም ሌላ ነገር ይከፈታል። ምክንያቱ ዲስኩ ነው። ለረጅም ጊዜ ካልተነካ መሽከርከሩን ያቆማል። እንደገና እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ መሃል የተጫኑት ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። ዲስኩ ሳይነካ ቶሎ እንዳያርፍ ጊዜውን አራዘምነው። ለእሳቸው ደግሞ «እማማ፣ አንዴ ይጫኑትና እጅዎን ያሳርፉ፤ ይመጣል» አልኳቸው። አሁን ይጠብቃሉ።

ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ ለሪሲቨሩ ሌላ አድራሻ ሰጠው። ሳጥኑ በድሮው አድራሻ ፈልጎ አጣው። ራውተሩ ውስጥ ለሪሲቨሩ ቋሚ አድራሻ ተያዘለት፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

ሪሞትም አነጋግሮናል። ለቲቪው አንድ፣ ለሳጥኑ አንድ መያዝ ለእማማ ይከብዳል። በኤች ዲ ኤም አይ ገመዱ ውስጥ ሲ ኢ ሲ የሚባል መነጋገሪያ አለ፤ ቲቪው የሪሞቱን ትእዛዝ ለሳጥኑ ያስተላልፋል። ቲቪ ሠሪዎች የየራሳቸውን ስም ስለሚያወጡለት ማስተካከያው ውስጥ መፈለግ ይጠይቃል። ሲበራ የቲቪው ሪሞት ብቻውን በቃ። ሳጥኑ ሲነሳም በቀጥታ የእማማ ፎልደር ላይ እንዲቆም አደረግነው። ሌላ ነገር ማለፍ የለባቸውም።

ስለ መሰረዝ

ብዙ ሰው የማያስብበት አንድ ነገር አለ። ቀረጻ የጋራ ሲሆን መሰረዝም የጋራ ይሆናል። በመጀመሪያው ሰሞን አንዱ ልጅ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ እማማ ያላዩትን የድራማ ክፍል ሰረዘው። አስቦ አይደለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የማን እንደሆነ የሚል ነገር የለም። ልጁን መቆጣት መፍትሔ አይሆንም። ፎልደሮቹን በየሰው ስም ለየናቸው። የእማማ ሳጥንና የልጆቹ ታብሌት ማየት ብቻ እንዲችሉ ተደረገ። መሰረዝ የሚቻለው ሳሎን ካለው ሪሲቨር ብቻ ነው። እዚያም የተሰረዘው ወዲያው አይጠፋም፤ ለተወሰነ ቀን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይቆያል። የቅርጫቱ አገልግሎት ሪሲቨሩ ውስጥ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈትነው።

የቀረጻውን መነሻና መድረሻም አሰፋን። ፕሮግራም በተባለው ሰዓት ሁልጊዜ አይጀምርም፣ በተባለው ሰዓትም አያልቅም። ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲጀምር፣ ከመጨረሻው 15 ደቂቃ ዘግይቶ እንዲያበቃ ሆነ። ድራማ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ሲቆረጥ የሚሰማውን ንዴት የሚያውቅ ሰው 15 ደቂቃን አይሰስትም።

የልጆቹ ታብሌት

ታብሌቱ ቀላል ነበር። ቪ ኤል ሲ ተጫነበት፣ የሪሲቨሩን ፎልደር በራሱ አገኘ። አንድ ችግር ብቻ ታየ። ሯጭ ወይም ኳስ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ይወጣል። ይህ የፋይሉ ብልሽት አይደለም። አንዳንድ ጣቢያ ምስሉን በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል አድርጎ ይልካል፤ አንዴ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ አንዴ ሙሉዎቹን። ቲቪ ራሱ አዋህዶ ያሳያል፤ ታብሌት ላይ ግን ዲኢንተርሌስ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ሲበራ ጠራ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

እማማ በክፍላቸው፣ በፈለጉት ሰዓት ያያሉ። ልጃቸው ሳሎን ሌላ ነገር ስትከታተል ማንም ማንንም አይረብሽም። ሦስቱም ስክሪን በአንድ ጊዜ የተለያየ ቀረጻ ሲከፍቱ ሪሲቨሩ አልተቸገረም፤ የተቀዳውን ሳይቀይር እንዳለ ስለሚልከው ብዙም አይደክምም።

ያልተፈታም አለ። እማማ በክፍላቸው ጀምረውት ሳሎን እንግዳ ይዘው ቢቀጥሉት፣ የሳሎኑ ሪሲቨር የት እንደደረሱ አያውቅም። ያቆሙበትን የሚያስታውሰው የእሳቸው ሳጥን ብቻ ነው። ይህን ለማገናኘት የጋራ ዳታቤዝ ወይም ሰርቨር ያስፈልጋል። ለዚህ ቤት አያስፈልግም ብዬ ተውኩት፤ ሁሉም በየክፍሉ መንቀሳቀስ ለሚበዛበት ቤት ግን መጀመሪያውኑ ጄሊፊንን እመክራለሁ።

የአባወራው የስፖርት ጣቢያም እንደነበረ ነው። ካርዱ ያለበት ሪሲቨር የሚቀዳው እዚያው ሳጥን ላይ ብቻ ይከፈታል። እኔም ያንን ቁልፍ ለመስበር አልሞከርኩም፤ የተዋዋለበት ነገር ነው። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ አገልግሎት ሰጪው ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን ሳጥን እንዳለው፣ ቀረጻውን ከዋናው ሳጥን ማንበብ እንደሚችል፣ በስንት ክፍል በአንድ ጊዜ እንደሚፈቅድና አገልግሎቱ ሲቋረጥ የተቀዳው ምን እንደሚሆን እንዲጠይቅ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። መልሱ የማይመቸው ከሆነ ኳሱን ሳሎን ማየቱን እንደሚቀጥል ነግሮኛል።